ራስህን ሁን የተባለው ጅብ

ዘጠኝ አህያና አንድ የጅብ ቆዳ። በዚህ ተረት ውስጥ ሊጠፋ የሚችለው ይህ ነው። ልጆች፣ አሁኑኑ ቆጥራችሁ ያዙ።

ድሮ፣ እንስሳ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ አንድ ያረጀ ጅብ ነበር። ጥርሱ ደህና ነው፤ እግሩ ግን ከድቶታል። ማደን ቢያቅተው ወደ ዘጠኝ አህዮች በረት ሄደ።

"ከሌሎቹ ጅቦች ልጠብቃችሁ፤ በዕድሜው የሞተውን ስጡኝ" አለ።

የአህዮቹ አለቃ እመት ዳለቻ አሰበች። ጅብን የሚመልስ ጅብ ነው። "እሺ" አለች፤ "ግን ጉርብትና ወግ አለው። ሦስት ጊዜ ወግ ካፈረስክ ውላችን ፈረሰ።"

ጅቡ ጨነቀው። ጦጣን ዛፍ ላይ አገኛትና "እንዴት ሆኜ ልኑር?" አላት።

"ራስህን ሁን፣ አያ ጅቦ" አለችው። ዛፍ ላይ ሆኖ ጅብን መምከር ቀላል ነው።

በማግስቱ አህዮቹ "እንዴት አደርክ፣ አያ ጅቦ?" አሉት። "እግዜር ይመስገን" ቢል ያልቅ ነበር። እሱ ግን ራሱን ሆነ።

"እናንተን እያሸተትኩ፣ ምራቄን እየዋጥኩ አደርኩ" አለ። አንድ።

በሳምንቱ ቦራ የምትባለው አህያ ወለደች። ሁሉም "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አሏት። ጅቡ ውርንጭላውን ዞሮ ዞሮ አየና "ጭኑ ለስላሳ ነው" አለ። ሁለት።

እመት ዳለቻ ለብቻው ጠራችው። "አያ ጅቦ፣ ልብህን ማን ጠየቀህ? እኛ የምንፈልገው አፍህን ነው።"

"እኔ ማስመሰል አላውቅም። ራሴን ነኝ።"

"ይሁን" አለች። ምላሱ ራሱን ከሆነ ነገ ጥርሱም ራሱን እንደሚሆን ገባት።

በሦስተኛው ሳምንት እመት ዳለቻ ጆሮዋን ጥላ፣ እያለቀሰች መጣች። "እህታችን ዳማ ገደል ገብታ ሞተች።"

አህዮቹ "እግዜር ያጥናችሁ" እስኪላቸው ጠበቁ።

"የትኛው ገደል?" አለ ጅቡ። ሦስት።

"በሾላው ሥር አልፈህ ነው" አለችው።

እያነከሰ ሮጠ። ከሾላው ሥር አንድ ገበሬ ለጅብ ቆፍሮ በቅጠል የሸፈነው ጉድጓድ ነበር። ጅቡ ገባበት። ዳማ በረት ውስጥ ገለባዋን ትበላለች።

"እመት ዳለቻ፣ ዋሸሽኝ እኮ" አለ ከጉድጓዱ።

"እኔም ራሴን ብሆን ኖሮ በልተኸኝ ነበር" አለችው። ገበሬው ጦሩን ይዞ መጣ።

ልጆች፣ "ልብህ ጅብ ቢሆን አፍህ ሰው ይሁን" ይባላል።

ሒሳቡ ይኸው። አህዮቹ ዘጠኝ ነበሩ፣ ከውርንጭላው ጋር አሥር ሆኑ። ገበሬው አንድ ቆዳ አተረፈ። ጦጣ አላተረፈችም፣ አልከሰረችም፤ እስካሁን ትመክራለች። ጅቡ ሦስት ጊዜ ራሱን ሆኖ አንድ ቆዳ ከሰረ። ያለውም እሱ ብቻ ነበር።