ማኅደር ግማሽ ቀን ልትተኛ የፈለገች ዕለት

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት ትሉኝ ይሆናል። የእኔ ተረት በረት የለውም፤ ያለው አንድ የገጠር ሆስፒታል፣ አንድ የዲዩቲ ሰሌዳና አምስት ቀናተኞች ናቸው። የመጀመሪያው ቀናተኛ እኔ ነኝ፣ ዶክተር ይሁኔ።

የሥራ ባልደረባዬ ዶክተር ማኅደር አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መተኛት። ሁለት ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ጠዋት የአልጋ ሦስትን መድኃኒት በአልጋ አራት ካርድ ላይ ጻፈች፤ ነርሷ ሲስተር ዘነበች አይተው ባያስቆሟት ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር። በእኛ ሆስፒታል የዲዩቲ ተራ የሚለቀቀው የሚሸፍን ሰው ሰሌዳው ላይ ሲፈርም ብቻ ነው። እኔ ዘንድ መጣች።

«ይሁኔ፣ ዛሬ ካልተኛሁ ሰው እገድላለሁ» አለችኝ።

ደንግጬ መፈረም ነበረብኝ። እኔ ግን ቀናሁ። ሲስተር ዘነበች እሷን «የኔ ልጅ» ነው የሚሏት፤ ከቤታቸው ቆሎ ሲያመጡ መጀመሪያ የሚሞሉት የእሷን እፍኝ ነው። እኔን «ዶክተር» ብለው ያልፉኛል። እኔንም እኮ እናት ናት የወለደችኝ። እንግዲያው «የኔ ልጅ» ካላሉኝ አልፈርምም አልኳት። ሲስተር የኔ ልጅ አይሉኝም፤ እኔ አልፈርምም፤ ማኅደር አትተኛም።

እግሯን እየጎተተች ወደ ሲስተር ሄደች። ሲስተር ሰምተው ከንፈራቸውን አጣመሙ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠሩ ስማቸው አንድ ቀን አልተነሳም፤ የፋርማሲው ሠራተኛ ገበያው ግን ገና ትናንት ተቀጥሮ «ምስጉን ሠራተኛ» ተብሎ ፎቶው ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል። በዚያ ባለፉ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞራሉ። ፎቶው ሳይወርድ ከአፌ ለስላሳ ቃል አይወጣም አሏት። ገበያው ፎቶውን አያወርድም፤ ሲስተር የኔ ልጅ አይሉኝም፤ እኔ አልፈርምም፤ ማኅደር አትተኛም።

ገበያው ፎቶውን ማውረድ አይከብደኝም አለ። የከበደው ወገቡ ነው። እሱ መደገፊያ በሌለው በርጩማ ላይ ሲንገላታ፣ የካርድ ክፍሏ አስናቀች ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበር ላይ ተንፈላሳ ትዞራለች። ያን ወንበር ለአንድ ሳምንት ታውሰኝ አለ። አስናቀች ወንበሩን አትለቅም፤ ገበያው ፎቶውን አያወርድም፤ ሲስተር የኔ ልጅ አይሉኝም፤ እኔ አልፈርምም፤ ማኅደር አትተኛም።

አስናቀች ደግሞ ወንበሩን ከነጎማው ይውሰደው አለች። የእሷ ቁስል ሌላ ነው። ዘበኛው ጋሽ ደምለው ሐኪም ሲያልፍ ብድግ ብለው ባርኔጣቸውን ያነሳሉ፤ እሷ ስታልፍ ጫማቸውን ያያሉ። እኔስ ካርድ የማወጣው ለጎረቤት ነው እንዴ አለች። እንግዲህ ጋሽ ደምለው ባርኔጣቸውን አያነሱም፤ አስናቀች ወንበሩን አትለቅም፤ ገበያው ፎቶውን አያወርድም፤ ሲስተር የኔ ልጅ አይሉኝም፤ እኔ አልፈርምም፤ ማኅደር አትተኛም።

የግቢው በር ጋ ስትደርስ ማኅደር ግድግዳ ይዛ ነበር የምትሄደው። ጋሽ ደምለው እስክትጨርስ ሰሟት።

«እኔ የምቀናው ባንቺ ነው» አሏት። «አንቺ ደከመኝ የምትይው ሰው አለሽ። እኔ እዚህ በር ላይ አሥራ አራት ዓመት ስቆም ደከመህ ወይ ያለኝ የለም።»

ከዚህ ወዲያ የምትላክበት ሰው አልቀረም። ቀጥሎ የነበረው ቀናተኛ አጥሩ ማዶ የታሰረ አህያ ብቻ ነው፣ እሱም ተኝቷል። ማኅደር አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ዘፍ አለች። ስትቀመጥ ጫማቸውን አየች፤ ያበጠ እግራቸውን እንዳይጫን ጎኑ በምላጭ ተቀዷል።

«ጋሼ፣ እርስዎስ ደክሞዎታል?» አለቻቸው።

«ደክሞኛል» አሉ። እግራቸውን አንስታ በጣቷ ጫን ጫን እያደረገች አየችላቸው፤ ሰኞ ጠዋት ከሁሉ በፊት እሷ ዘንድ እንዲገቡ ነገረቻቸው።

ያን ጊዜ ጋሽ ደምለው ተነሱ። ካርድ ክፍል መስኮት ድረስ እያነከሱ ሄደው ባርኔጣቸውን አነሱ። አስናቀች ደንግጣ ተነሳች፤ ወንበሩን ለገበያው ገፋችለት። ገበያው ቁጭ ብሎ አንዴ ዞረና ወጥቶ ፎቶውን አወረደ። ሲስተር ባዶውን ሚስማር አይተው እኔ ያለሁበት መጡ፤ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ።

«የኔ ልጅ» አሉኝ፣ «አንተም እኮ ከስተሃል።»

እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ፈረምኩ። ማኅደር ጫማዋን ሳታወልቅ ተኛች።

ልዋሽ አልፈልግም፤ በእንቅልፏም ቀናሁ። በተኛችበት ክፍል በር ሳልፍ ስታንኮራፋ እየሰማሁ ጥርሴን እነክስ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የትራስ ሰንበር ጉንጯ ላይ እንደታተመ መጣች። አመሰግናለሁ ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ይሁኔ፣ አንተስ ከተኛህ ስንት ቀንህ ነው?» አለችኝ።

በጣቴ መቁጠር ጀመርኩና ጠፋብኝ። በእስክሪብቶዬ ወረቀት ላይ እየጫርኩ ብቆጥርም ያው ሆነ። ማንም አልጠየቀኝም ብዬ ስንት ዓመት ስቀና፣ እኔም ማንንም ጠይቄ አላውቅም ነበር። ማኅደር እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችና በእሁድ ዲዩቲዬ ላይ ስሟን ፈረመች።

ስለዚህ ተረቴን ስትመልሱልኝ አፌን በዳቦ አታብሱ። ዳቦውን ለጋሽ ደምለው ስጡልኝ፤ እኔ ትራስ ይበቃኛል።