የተቆለፈው የሸንጎ ቤት

አንድ ወንድይፍራው የሚባሉ ሽማግሌ የመንደራቸው የሸንጎ ቤት ጠባቂ ነበሩ። ቤቱ ክብ፣ ባለ ሣር ክዳን ሲሆን ከሰባት ትውልድ በፊት የተሠራ ነው። መንደሩ የሚመክረውም፣ የተጣላ የሚታረቀውም እዚያ ነበር። አንድ ዓመት ታዲያ እዚያው በተደገሰ ሠርግ ግርግር በቅርጽ ያጌጠው በሩ ተሰነጠቀ። ሽማግሌው አዘኑ። የአባቶቼ ቅርስ በእኔ ዘመን አይጠፋም ብለው ቤቱን ቆለፉት፤ ከዚያ ወዲያ ደጁን እየጠረጉ ማንንም ሳያስገቡ ኖሩ።

ሸንጎው ወደ ሾላ ዛፍ ሥር ተዛወረ። ዝናብ ሲመጣ ግን ሰዉ የጀመረውን ነገር ሳይጨርስ ይበተናል። አያልነህና ደምለው የሚባሉ ጎረቤታሞች በማሳ ድንበር ተጣልተው ሦስት ጊዜ ለእርቅ ተቀመጡ፤ ሦስቱንም ጊዜ ዝናብ በተናቸው። በመጨረሻ ደምለው የአያልነህን ክንድ በዱላ ሰበረ። የአያልነህ ወንድሞችም ብድራችንን ሳንመልስ አናድርም ብለው ዛቱ። መንደርተኛው ቤቱ ይከፈትልን ብሎ ቢለምን፣ ሽማግሌው ለጠበኛ አልከፍትም አሉ።

ቤቱ በተቆለፈ በዘጠነኛው ዓመት፣ በዚያው ክረምት፣ ጣሪያው ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። ሽማግሌው ደንግጠው ጥሩነህ የሚባል አናጢ ከማዶ መንደር አስጠሩ። አናጢው የመሃሉን ምሰሶ በመዶሻው እጀታ መታ መታ አደረገው። ጣቱን ቢከትበት እስከ አንጓው ገባ።

"እዚህ ቤት እሳት ከነደደ ስንት ጊዜው ነው?" ሲል ጠየቀ።

"ዘጠኝ ዓመት። ጭስ እንዳያጠቁረው ብዬ ነው" አሉ ሽማግሌው።

"አባቴ፣ ምስጡን ያራቀው እኮ ጭሱ ነበር። ሰው ሲገባበት እሳት ይነድዳል፤ የላላው ይታያል፤ ያፈሰሰው ይከደናል። እርስዎ ሰውን አስወጥተው ቤቱን ለምስጥ ለቀቁለት።"

ሽማግሌው በማግስቱ ሾላው ሥር ሄደው በሰዉ ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቁ።

ለአዲስ ምሰሶ ከገደሉ ማዶ ጥድ ተቆረጠ። ግንዱ ከባድ ስለነበር ጉልበት ያለው ሁሉ ወጣ፤ ደምለውም፣ የአያልነህ ወንድሞችም መጡ። በአንድ ግንድ ሥር ትከሻ ሰጥተው ሲወርዱ ሰላም አልተባባሉም። ቁልቁለቱ ላይ ግን "ያዝ"፣ "ቀስ በል" መባባላቸው አልቀረም።

ክዳኑ ባለቀ በሳምንቱ መሃል ላይ እሳት ነደደና የአያልነህና የደምለው ነገር ታየ። ከቀትር ጀምሮ ዝናቡ ወረደ፤ ከመቀመጫው የተነሣ ግን አልነበረም። ሲያባራ ድንበሩ ተለይቶ ነበር፤ ደምለውም የአያልነህ ክንድ እስኪድን ማሳውን ሊያርስለት ቃል ገብቶ ነበር። ሽማግሌው ወንድይፍራው ጭሱ ዓይናቸውን እያስለቀሳቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው ሰሙ። ያን ቀን ሰዉ በእግሩ ያስገባው ጭቃ አላሳሰባቸውም።

ወዳጆቼ፣ ቤትን ምሰሶ ያቆመዋል፤ ከትውልድ ትውልድ የሚያሻግረው ግን የሚሰበሰብበት ሰው ነው። ያወረሱንን እንዳይነካ ብለን ስናርቀው ያለ ጠባቂ እናስቀረዋለን። እስቲ ልብ እንበል፤ እኛስ በመውደዳችን ብዛት የዘጋነው በር የትኛው ይሆን?