አዝማሪ ቢሻውና ግጥም ያልሰጠው ደምለው

«ተረት ተረት።»
«የጨዋታ በረት።»

በድሮ ዘመን፣ ተራራው ሁሉ ገና ጉብታ ሳለ፣ ቢሻው የሚባል አዝማሪ ነበረ። ማሲንቆውን ሲገዘግዝ የታመመ ተነስቶ ይጨፍራል፣ የጨፈረ ደክሞት ይታመማል። አንድ ጊዜ ሰርግ ላይ ሲዘፍን የታረደው በግ ድስት ውስጥ እስክስታ ወረደ ይባላል። እኔ አላየሁም። በጉን የበላችው አክስቴ ግን አይታለች።

ቢሻው ግጥሙን ሁሉ ራሱ ነው የሚገጥመው። መንገድ ሲሄድ ይገጥማል፣ ውሃ ሲጠጣ ይገጥማል። ግን ፈሪ ነበር። የአገሩ ወግ ደግሞ እንዲህ ነው። ሰው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ይዘፍናል። ግጥሙ የሚያስቀይም ከሆነ የሚጠየቀው ሰጪው ነው፣ አዝማሪውን የሚነካው የለም። ስለዚህ ቢሻው ዘፍኖ ሲያበቃ ይህን የሰጠኝ አንድ መንገደኛ ነው፣ ያንን የሰጠኝ አንድ ነጋዴ ነው ይል ነበር። ሰዉም አይ መንገደኛው፣ እንዴት ያለ አዋቂ ነው፣ እያለ መንገደኛውን ያመሰግናል። ቢሻው ይሰማና ምራቁን ይውጣል። ጀርባው ከጅራፍ ተርፏል፣ ልቡ ግን ይርበዋል።

ያን ጊዜ አገሩን የሚገዛው ግራዝማች ዋሴ ነበር። ሆዱ ጠዋት በበር ይገባል፣ እሱ ራሱ ለምሳ ይደርሳል። የድሃ እህል አያልፈውም። አንድ ቀን ቢሻው ሰርግ ዳስ ውስጥ ጠጅ ጠጣና እንዲህ ሲል ዘፈነ፦

የግራዝማች ሆዱ ምን ያለ ጎተራ፣
ጤፉ ገባ ስንዴው፣ በሬውም በተራ።

ዳሱ በሳቅ ተነቅሎ ጎረቤት መንደር ወደቀ። ግጥሙ ወንዝ የሚወርዱ ሴቶች አፍ ላይ ገባ፣ ገበያ ወጣ፣ ከዚያም ግራዝማች ጆሮ ደረሰ። ግራዝማች ቢሻውን አስጠራና ማን እንደሰጠው ጠየቀው። ቢሻው የመጣለትን ስም ወረወረ።

፦ ደምለው ነው ጌታዬ። ከወንዝ ማዶ ያለው ደምለው።

ከወንዝ ማዶ ዝንጀሮ እንጂ ሰው የሚኖር አልመሰለውም ነበር።

ለካ ሰው አለ። ለካ ስሙም ደምለው ነው። ንብ አናቢ ነው፣ ዝምተኛ ነው። ከዝምታው የተነሳ ሚስቱ ስሙን የሰማችው ከጎረቤት ነው። በገበያ ቀን እጁን አስረው አመጡት። ግጥሙን አንተ ነህ የሰጠኸው ሲሉት፣ አይ፣ አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ግራዝማችም ጭራሽ ይክደኛል ብሎ ተቆጣና ጅራፍ ይቅመስ፣ ቀፎዎቹም ወደ እኔ ይምጡ አለ። የደምለው ሚስት ልጇን እንዳዘለች መሬት ላይ ተቀመጠች።

ቢሻው ከሰዉ ኋላ ቆሞ ነበር። ልሽሽ አለ፣ እግሩ እምቢ አለው። የደምለውን ኩታ ሲገፍፉት አየ። ጀርባው ከሲታ ነው፣ አጥንቱ ይቆጠራል። ከዚያም ቢሻው ሰዉን ጥሶ ወጣና፦

፦ ግጥሙ የኔ ነው፣ አለ።

ገበያው ሳቀ። ግራዝማችም ሳቀ።

፦ አንተ? ዕድሜህን ሙሉ የሰው ቃል ስታላምጥ የኖርከው? ያንተ ከሆነ እስቲ ማንም ሳይሰጥህ አሁን ግጠምና ልይህ።

ቢሻው ማሲንቆውን ደረቱ ላይ አስደገፈ። እንደ አዝማሪ ወግ ግራዝማችን «አንተ» ብሎ ዘፈነ፦

የሰው ስም ለብሼ ዕድሜዬን ዘፈንኩ፣
የሰው ጀርባ ሲቀርብ በራሴ አፈርኩ።
ሆዱን የሰደበው ቢሻው ነው አዝማሪው፣
ጅራፍህን ለኔ፣ ደምለውን ግን ፍታው።

የገበያው በግ ማመስኳት አቆመ፣ ዝንቡ አየር ላይ ቆመ። ግራዝማች ያንተ አይደለም ሊለው አልቻለም፣ ሁሉም ሰምቷል። ደምለው ተፈታ፣ ቀፎዎቹም ተረፉ። ጅራፉ ግን ቢሻው ላይ አረፈ። ይሄንን አላጋንነውም ልጆቼ። አመመው።

ደምለው ጫንቃው ላይ ተሸከመውና ወንዙን አሻገረው። ቤቱ አስገብቶም ቁስሉን ማር ይቀባው ጀመር። ቢሻው ይቅርታ ጠየቀ፣ ደጋግሞ ጠየቀ። ደምለው ዝም ብሎ ይቀባል።

፦ ወንድም ዓለም፣ መልስ አትጠብቅ፣ አለችው ሚስቱ። እኔ ከተጋባን ጀምሮ እየጠበቅኩ ነው።

ቀብቶ ሲጨርስ ደምለው እጁን ጠረገ። ጉሮሮውንም ጠረገ።

፦ የሆዱ ግጥም ያን ያህልም አይደል፣ አለ። የዛሬው ግን ጥሩ ነው። ትችልበታለህ።

ሚስቱ የያዘችውን ቅል ጣለች። ቢሻው ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና አለቀሰ። ምስጋናው ዕድሜ ልኩን መንገደኛ ቤት ሲያድር ኖሮ፣ ያን ቀን የቢሻውን የራሱን ደጅ አንኳኳ።

ከዚያ ወዲያ ቢሻው ዘፍኖ ሲያበቃ ይህን የገጠምኩት እኔው ነኝ ይል ነበር። ጀርባው ብዙ ጊዜ ታመመ። የደምለው ማር ግን አላለቀም።

እኔ ተረቴን ጨረስኩ፣ እናንተ ዳቦውን ቁረሱ።
አፌ ባዶውን እንዳያድር ሞሰቡን ወዲህ መልሱ።