የኦስበርት በር

ብረት ልብስ በነበረበት፣ ፈረስም እንደ ጌታው ብረት በለበሰበት በዚያ በቀደመው ዘመን፣ በእንግሊዝ አገር ሄዘልፎርድ በምትባል መንደር ኦስበርት የሚባል ድኻ ሰው ነበረ። ርስትም ማዕርግም አልነበረውም። ሥራው በርሜል ማንከባለል ነበር። ጥሩር፣ ያ ከብዙ ሺህ የብረት ቀለበት የተጠላለፈው የጦር ልብስ፣ ይዝጋል፤ ይጠቁራል። ኦስበርትም አሸዋና ኮምጣጤ ባለበት በርሜል ውስጥ ከትቶ እስኪያበራ ድረስ ያንከባልለዋል። ሠላሳ ዓመት አንከባለለ። ሠላሳ ዓመትም ድምፁን ሰማ።

በዚያ ወራት የጎረቤት አገር ጌታ የመንደሩን መስክ "የእኔ ነው" ብሎ ተነሣ። ከብቱ ሁሉ የሚግጠው በዚያ መስክ ነበር፤ መስኩ ከሄደ መንደሩ ይፈታል። ዳኞቹም "ሁለት ፈረሰኞች ይጋጠሙ፤ እግዚአብሔር ለባለ እውነቱ ይፍረድ" ብለው ቀኑን በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ቈረጡ። ለመንደሩ የቆመው ፈረሰኛ ሰር ራውልፍ ነበር። አንጥረኛው ጊልበርት አዲስ ጥሩር ሠራለትና እንዲያበራ ለኦስበርት ሰጠው።

ኦስበርት አንከባለለ። ጤነኛ ጥሩር በበርሜል ውስጥ እንደ ዝናብ ይንሿሿል፤ ይህ ግን በየዙሩ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። አውጥቶ ቢዳስሰው፣ በቀኙ ብብት ሥር አርባ ቀለበቶች ጫፍ ለጫፍ ተገጥመው ብቻ አገኛቸው። ችንካር አልነበራቸውም።

ወደ ጊልበርት ሄደ። "ጌታዬ፣ ብብቱ አልተቸነከረም" አለው።

ጊልበርት ሳቀበት። "ብብት ደግሞ ማን ያያል? አሸዋ አጣቢስ ከመቼ ወዲህ ነው አንጥረኛን የሚያርመው? ከብረቴ ስንጥር እንዳትነካ!"

ወደ ሰር ራውልፍ ሄደ። "ጌታዬ፣ በርሜሉ ክፉ ነገር ይናገራል" አለው።

"በርሜልህ ጠንቋይ ሆነ እንዴ?" አለ ራውልፍ፤ ባልንጀሮቹም ሳቁ። "ጊልበርት አባቴን ያለበሰ ሰው ነው። ሂድ፣ አሸዋህን ቀይር!"

ኦስበርት ተመልሶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ሕጉን ያውቃል፤ የፈረሰኛን ጥሩር ያለ ፈቃድ የፈታ እጁ ይቈረጣል። መስኩንም አየ፤ ላሞቹ ተኝተው ያመሰኳሉ። በመጽሐፍ የተጻፈው ንጉሥ እንኳ በጥሩሩ መጋጠሚያ ተወግቶ እንደ ሞተ ቄሱ የሰበኩትም ትዝ አለው። ብረት ፈለገ። በቤቱ ብረት ያለው በሩ ብቻ ነበር። አማተበና የበሩን ማጠፊያ ነቀለ። በሩም ወደቀ።

ሦስት ቀን ጾመ፤ ሦስት ቀን ቀጠቀጠ። ማጠፊያውን አቅጥኖ ችንካር አደረገው። የቀለበቶቹን ጫፍ ጠፍጥፎ አደራረበ፣ በሳ፣ ቸነከረ። እጁ ተቃጠለ። አንዱን ቸንክሮ "አቤቱ ማረን" አለ፤ ሌላውን ቸንክሮ "አቤቱ ማረን" አለ፤ እንዲህ እያለ አርባውን ፈጸመ። ነፋሱና የጎረቤት ዶሮ በሌለው በር እንደ ልባቸው ይገቡ ይወጡ ነበር።

በበዓሉ ቀን ተጋጠሙ። ጦሩ ተሰበረ፤ ፈረሶቹ ወደቁ፤ በእግርና በሰይፍ ሆነ። ራውልፍ ሊመታ ቀኝ እጁን አነሣ። ባላጋራውም ይህንኑ ይጠብቅ ኖሮ የሰይፉን ጫፍ በብብቱ ሰደደ። ኦስበርት ዓይኑን ጨፈነ። ቀጭ! አለ። ዓይኑን ሲገልጥ የተሰበረው የባላጋራው ሰይፍ ነበር። ያች የተነሣች እጅ ወረደች፤ ባላጋራው ተንበረከከ፤ መስኩ ለመንደሩ ጸና፤ ደወሉ ተደወለ፤ ሕዝቡም እልል አለ።

ራውልፍ ጥሩሩን አውልቆ ብብቱን መረመረ። "ይህ የጊልበርት ሥራ አይደለም" አለ። "የእሱ ቀጥ ያለ ነው፤ ይህ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተወለጋግዷል። ማን ነው የሠራው?"

ጊልበርት አንገቱን ደፋ። ኦስበርት ከሕዝቡ መካከል ወጣ። "እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።"

"ሕጉን ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው የምትቈረጠውን እጅ ዘርጋ።"

ኦስበርት ዘረጋ። ራውልፍም ያችን የተቃጠለች እጅ ያዘ፤ በሕዝብ ፊት ተንበርክኮም ሳማት።

ከዚያ ወዲህ በሄዘልፎርድ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን፣ ጌታውም ድኻውም የቤቱን በር ነቅሎ ከግድግዳ ያስደግፋል። እስኪመሽ ድረስ ነፋሱም ዶሮውም እንደ ልቡ ይገባል። ዓይን በማያይበት ቦታ ሥራውን አጥብቆ የሚሠራ ሰው ሲያገኙም "ይህስ በሩን ነቅሏል" ይሉታል። የድኻውን ስም ያላጠፋ አምላክ የእኛንም ሥራ በማይታየው በኩል ያጽናልን፤ አሜን።