አንበሳው ሣር የበላበት ዓመት

በዚያ ቆላ ሥርዓቱ የታወቀ ነበር። አንበሳ በየአራት ቀኑ አንድ ይበላል፤ ጅብ የተረፈውን ይለቅማል፤ ቀበሮ ለሁለቱም ይመክራል። ሣር በሎቹ ደግሞ ይግጣሉ፣ ይወልዳሉ፣ ይሮጣሉ። የፈጠነ ያድራል፣ የዘገየ ይቀራል። ክፉ ሥርዓት ነበር። ቢሆንም ሁሉም ያውቀዋል፤ የታወቀ ክፉ ደግሞ ይለመዳል።

ሁለት ዓመት ዝናብ ቀረና መንጋው ሳሳ። ያኔ ቀበሮ አንበሳን፣ «ጌታዬ፣ በዚህ አያያዝ ለከርሞ የሚገዙት አያገኙም። ዛፍ እንደሆነ እጅ አይነሣም» አለው።

አንበሳ ሦስት ቀን አሰበ። በአራተኛው ቀን እንስሳቱን ሁሉ ሆራው ዳር ሰበሰበ። ሆራው ጨዋማው ውሃ ነው፤ ከጥንት ጀምሮ እዚያ ዳር ማንም ማንንም አይነካም።

«ከዛሬ ጀምሮ ሥጋ እርሜ ነው» አለ። «እንደናንተ ሣር እበላለሁ።»

እልልታው ቆላውን ሞላው። ከሁሉ ይልቅ ደስ ያለው አባ ዳለቻ የሚባል ሽማግሌ ቆርኬ ነበር። አባ ዳለቻ ቃል አያበዛም። አምስት ልጆች ወልዶ አራቱን አንበሳ በልቶበታል። የቀረችው ቦቂት ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ጡት ከተወች ሁለት ወር ያልሞላት። የዚያን ዕለት አያትና፣ አንቺስ ለወግ ትበቂ ይሆናል አለ በልቡ።

አንበሳ ቃሉን ጠበቀ። በአደባባይ ሣር በላ። ሆዱን ሲቆርጠው ዋለ። በማግስቱም በላ፤ አስመለሰው። በሦስተኛው ቀን ከጥላው መነሣት አቃተው፣ ጎድኑ ይቆጠር ጀመር። ሣር በሎቹ ተጨነቁ። እንዲህ ያለ ንጉሥ ከየት ይገኛል? ደግሞስ እርሙን ቢተው? ሽማግሎች ተሰብስበው ሊጠይቁት ሄዱ፤ በሽተኛ መጠየቅ ወግ ነውና።

«እናንተስ ይህን ነገር እንዴት አድርጋችሁ ነው የምትበሉት?» አለ አንበሳ፣ በደከመ ድምፅ።

ሌሎቹ እርስ በርስ ሲተያዩ አባ ዳለቻ ተናገረ። አዝኖለት ነው፤ ትንሽም ኮርቶ ነው። ጉልበተኛ ሙያውን ሲጠይቀው በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር።

«ጌታዬ፣ ሣር እንዲሁ ምግብ አይደለም። ግጠው ይውጡታል። ከዚያ ጥላ ሥር ተኝተው ይመልሱትና ያመሰኩታል። እንደገና ይወርዳል። በጨጓራ አልፎ፣ በሽንፍላ አልፎ፣ ሲልም ነው ምግብ የሚሆነው። የርስዎ ሆድ አንድ ነው፤ የኛ አራት ነው። እኛ አድቅቀን ያላምነውን ቢያገኙ በተስማማዎት ነበር።»

ከአንበሳው ራስጌ የነበረው ቀበሮ ጆሮው ቆመ።

በማግስቱ አዋጅ ወጣ። ንጉሡ አሁንም ሣር ብቻ ይበላል፤ ነገር ግን በሌላ ሆድ የላመውን፣ ፈርሱን። ፈርስ ደግሞ ሆድ ካልተከፈተ አይገኝም። ከጎሾች አንዱን ቀትር ላይ፣ ጠግቦ ተኝቶ ሲያመሰኳ ወሰዱት። ፈርሱን በቅጠል አድርገው ለአንበሳ አቀረቡ። ሥጋው እርም ነው ተባለና ለጅብ ተጣለ። ጅብም፣ «ምን ይደረግ፣ ለጌታዬ ጾም ስል ይህን ሸክም እሸከማለሁ» አለ።

አንበሳ ዳነ። ግን ፈርስ እንደ ሥጋ ሆድ አይዝም። በየአራት ቀኑ የነበረው በየቀኑ ሆነ። ፈርሱ ሲወጣ ጉበት ተጣብቆ የሚመጣበት ቀንም በዛ፤ ያንን ያየ ሁሉ አላየም። ዝናቡ ተመልሶ ሣሩ ጉልበት ደረሰ፤ መንጋው ግን እንደገና ሳሳ። በሩቅ አገር ያሉ አንበሶች፣ ሣር የሚበላ ንጉሥ አየን እያሉ አመሰገኑት ተባለ።

እንስሳቱ ሆራው ዳር ተሰበሰቡ። ባሏ መጀመሪያ የተወሰደባት ጎሽ ተነሣች።

«ሥጋ ሲበላ በየአራት ቀኑ ነበር የምናለቅሰው። አሁን እንባ ማድረቂያ ጊዜ አጣን። ወደ ሥጋው ይመለስልን ብለን እንለምን።»

«ብላን ብለን?» አለ አንድ ድኩላ። «እመት ጎሽ፣ እንዲህ ያለ ልመና በየት አገር ተሰምቷል?»

«አሁንስ እየተበላን አይደለም ወይ?»

«አሁን የሚበላው ሣር ነው። አዋጁ እንደዚያ ይላል።»

«የኔ ባል ሣር ነበር?»

ከርከሮ ጭቃውን እያራገፈ ተነሣ። «እኔ እምለው፣ አዋጁ ምን ክፋት አለው? ሥጋ እርም ሆኗል፤ አገር ሰላም ነው።»

«አያ ከርከሮ፣ አንተ አታመሰኳም» አለችው ጎሿ። «ሰላሙ የታየህ ለዚህ ነው።»

«ታዲያ አመስኩ ያላችሁ ማን ነው?»

ጦጢት ከዛፏ ላይ ሆና፣ «ወንዙ ዓሣ ሞልቶታል፤ ዓሣ ይብላ» አለች። ዓሦች ለጉባኤው አልተጠሩምና የተቃወመ አልነበረም። ከዳር ተቀምጦ ሲሰማ የነበረው ቀበሮ ግን በትሕትና፣ «ለንጉሡ ተነግሯቸዋል እመቤቴ። እግራቸውን ማርጠብ አይወዱም» ሲል መለሰላት።

ከዚያም ጉሮሮውን ጠረገ። «ካነሣችሁት አይቀር፣ የዛሬ አራት ቀን ተራው የቦቂት ነው። ለጋ ሣር ስለምትግጥ ፈርሷ ይጣፍጣል ተብሏል። ቀትር ላይ ጠግባ ትቅረብ።»

አባ ዳለቻ ልጁን አስከትሎ ሄደ። መንገድ ላይ ቦቂት ቆመች።

«አባ፣ አንበሳውን የፈርሱን ነገር ያስተማርከው አንተ ነህ ይላሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ ልጄ።»

«ለምን አስተማርከው?»

«ታሞ አየሁት።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ሄዱ። ከሜዳው ሲደርሱ ቦቂት እንደ ልማዷ አንገቷን ወደ ሣሩ ሰደደች። አባ ዳለቻ በቀንዱ ገታት።

«ከአሁን ጀምሮ ሣር አፍሽ አይግባ። እኔም አልቀምስ።»

በመጀመሪያው ቀን ጎረቤቶቹ አበዱ ብለው ሳቁባቸው። በሁለተኛው ቀን እመት ጎሽ መጥታ ሁለቱን ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያም ከጎናቸው ቆመች። በሦስተኛው ቀን ድኩላው መጣ። «እኔ እንኳ አላመንኩበትም» አለ፤ ግን ቆመ። በአራተኛው ቀን የሚያመሰኳ ሁሉ በለመለመ ሣር መካከል አንገቱን ቀና አድርጎ ቆሞ ነበር። ከርከሮ ብቻ በመካከላቸው እየቆፈረ ይበላል።

ቀትር ሆነ። ቀበሮ ሊወስዳት መጣ። አባ ዳለቻ ከልጁ ፊት ሆኖ አንበሳው እስካለበት ጥላ ድረስ ሄደ፤ መንጋው በሙሉ ተከተለው።

«ጌታዬ» አለ፤ «ያስተማርኩዎት እኔ ነኝ፤ ከኔ ይጀመር። አራት ቀን ሣር አልቀመስኩም። ከኋላዬ ያሉትም ሣር ትተዋል። ከፍተው ይዩ። ሣር ካገኙ እርምዎ አልፈረሰም። ካላገኙ ግን፣ የገደሉትን ምን ብለው እንደሚበሉት እዚሁ በሁላችን ፊት ስሙን ይጥሩልን።»

አንበሳ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። ጅብ ምራቁን ሲውጥ ተሰማ። ነፋስ መጣና ሣሩን በእንስሳቱ ጉልበት ላይ አስተኛው፤ ሽታው ጣፋጭ ነበር። ከኋላ፣ ቦቂት በቆመችበት በኩል፣ የባዶ ሆድ ጩኸት ተሰማ። አባ ዳለቻ ሰማው፤ ዞሮ ግን አላየም።

ሁሉም አንበሳውን ያያሉ። ቀበሮ ብቻ ጀርባውን ለአንበሳው ሰጥቶ መንጋውን ይመለከት ነበር፤ መጀመሪያ አንገቱን ወደ ሣሩ ዝቅ የሚያደርገው ማን እንደሆነ ለማየት።