አንበሳ ገዳዩ ምንሽር

በክፉ ቀን ምንሽር ጠመንጃውን ለአንድ ፊታውራሪ በበሬ የሸጠ ባላገር፣ ገና የበሬውን ገመድ ሲጨብጥ ቆጨው። ሦስት ዓመት ትከሻው ባዶ ሆኖበት ከርሞ፣ ያንኑ ምንሽር መልሶ ሊገዛ በሬ እየነዳ ሄደ፤ ፊታውራሪው ግብር ሲያበሉ ደረሰ።

«በአንድ በሬ?» አሉ ፊታውራሪው፣ እንግዳው ሁሉ እንዲሰማ። «ያኔ ተራ ጠመንጃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት አንበሳና አንድ ዝሆን ጥዬበታለሁ! አራት በሬ አምጣ፤ አለዚያ ሂድልኝ!»

ታዳሚው በሆታ ተቀበላቸው። ባላገሩ እጅ ነሥቶ የኩታውን ጫፍ ፈታና አንዲት ትንሽ ብረት አወጣ።

«አመጣለሁ፣ ጌታዬ። ብቻ ያኔ ቆጭቶኝ፣ ጠመንጃውን ሳላስረክብዎ ጥይቱን የምትመታውን ይህችን መርፌ ነቅዬ አስቀርቼ ነበር፤ ያለ እሷ አይተኩስም። አንበሶቹንስ በሰደፍ ደብድበው ገደሏቸው እንበል፤ ለዝሆኑ ግን መሰላሉን ማን ያዘልዎ?»