የማንጠግቦሽ ጋን

ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ከኋላ ያላችሁም ስሙ። ያኔ፣ ጅብ እንኳ ቀን ሰው እንዳያየው አፍሮ በሚደበቅበት፣ ሽማግሌ ሲናገር ቅጠል በማይንኮሻኮሽበት ዘመን፣ እዚሁ እርከን አምባ ላይ ማንጠግቦሽ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች።

ማንጠግቦሽ ከልጅነቷ ጀምሮ እግሮቿ አልታዘዝ ብለዋት በእጇ መሬቱን እየገፋች ነበር የምትሄደው። እጇ ግን እጅ ነበር! ጋኗን በጣትህ ብታንኳኳው እንደ ደወል ይጮኻል። የሚጮኽ ጋን ደህና ጋን ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ሌሎቹ ሸክላ ሠሪዎች ጋን አዝለው ይሄዳሉ። እሷ ማዘል አትችልም። ስለዚህ ከፊቷ እያንከባለለች ትከተለዋለች። ጋኑ ከሄደ ትሄዳለች። ጋኑ ከቆመ ትቆማለች።

ገበያው ያኔ ከአምባው አናት ላይ ነበር። ወደዚያ የሚያወጣው አባቶቻችን ያነጠፉት የድንጋይ ደረጃ ነው። ማን እንዳሰበው ባላውቅም ታላቅ ሰው መሆን አለበት፤ ወገብ የሚቆርጥ ደረጃ ነበር። ጋን ተንከባሎ አይወጣውም። እናም የማንጠግቦሽን ዕቃ ጎረቤቶቿ እየወሰዱ ይሸጡላት ነበር። ግማሹ ደረጃው ላይ ይሰበራል። የተረፈውን ገዢ ሲያየው "የማን ሥራ ነው?" ይላል። "የዚያች የምስኪኗ" ይሉታል። "እንግዲያማ ለነፍሴ ብዬ ልውሰድላት" ይልና ሳያንኳኳ ይገዛል።

ማንጠግቦሽን ያሳመማት ይሄ ነው። ጋን ሳይንኳኳ ይገዛል እንዴ!

ወደ ጭቃ ሹሙ ወደ አያ አንዳርጌ ላከች። "ከደረጃው ጎን ጋን የሚያንከባልል መንገድ ጥረጉልኝ። ሥራዬን ራሴ ወጥቼ ልሽጥ" አለች።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ነገሩ አንጀታቸውን በላው። ያለቀሱም ነበሩ። አልቅሰው ሲያበቁ አያ አንዳርጌ ተነሡና፣ "የአባቶቻችንን ደረጃ መንካት ነውር ነው። ይህቺ ልጅ ግን ልትረሳ አይገባም። ከቤቷ ደረጃው ሥር እስካለው ቤተ ክርስቲያን ደጅ መንገድ ይጠረግላት። እዚያ ወይራው ሥር፣ ጥላው ጥሩ ነው፣ የልመና ቦታ ይሰጣት" አሉ። ሁሉም "ይበል!" አለ። እንዲህ ያሉ ሽማግሌዎች ነበሩን።

አገር ወጣ። ድንጋይ ተለቀመ፣ ጉድጓድ ተደፈነ። ለደረጃው ጎን ጉልበት የጠፋበት አገር፣ ለልመና መንገድ ጉልበት ሞልቶት ነበር። አለቀ ተብሎ ሊመረቅ ሲል ማንጠግቦሽ "ቆዩ" አለች። ጋን አንከባለለች። ጋኑ ጥቂት ሄደና ጉብ ያለ ድንጋይ ላይ ቋ! አለ፣ ተሰነጠቀ። "አላለቀም" አለች። ድንጋዩ ተነቀለ። ሌላ አንከባለለች። ቋ! "አላለቀም።"

"ለማኝ ሆና ደግሞ ታማርጣለች!" አለ አንዱ።

"ገና መለመን ስላልጀመርኩ ነው ወንድሜ" አለችው።

እንደገና ተቆፈረ፣ እንደገና ተደለደለ። በመጨረሻ ጋኑ ተንከባሎ ተንከባሎ ወይራው ሥር ደህና ገባ። እሷም ከኋላው ገባች። ሴቶች እልል አሉ።

በማግስቱ ማንጠግቦሽ ወይራው ሥር ተቀመጠች። ግን አልለመነችም። ጋኗን፣ እንስራዋን፣ ድስቷን ደረደረች። እንጀራ ሊመጸውታት የመጣ ሰው "በየቱ ልለውጥልህ?" ይባልና ድስት ታቅፎ ይመለሳል። አገሩ ተበሳጨ። በልመና ቦታ ላይ ሥራ! እንዲህ ያለ ድፍረት ታይቶ አይታወቅም ነበርና ተከሰሰች።

ሸንጎ የሚሰየመው አናት ላይ፣ ገበያው ዳር ነው። ማንጠግቦሽ ተጠራች። "እኔ ደረጃው ሥር ነኝ፤ ብቅ በሉ" ብላ ላከች። ሸንጎ አይወርድም፤ ስለዚህ በቃሬዛ ትምጣ ተባለ። አራት ጎልማሶች ተሸክመዋት ደረጃውን ተያያዙት።

ቃሬዛ ያየ ሰው ምን ያደርጋል? ከገበያ የሚወርዱት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። "ወይኔ ማንጠግቦሽ! ወይኔ ባለሙያዋ!" እያሉ ተከተሉ። እሷም ከቃሬዛው ላይ ቀና ብላ፣ "እህቶቼ፣ አልሞትኩም፤ ተከስሼ ነው" አለች።

"እስኪ ዝም በይ፣ እናልቅስልሽ!" አሏት እማሆይ ጥዱ የሚባሉ መነኩሲት። አንዴ የተጀመረ ለቅሶ በምን ይመለሳል።

"ጋኗ እንደ ደወል፣ እንስራዋ እንደ ከበሮ" እያሉ ሙሾ አወረዱ። ማንጠግቦሽ ተኝታ አዳመጠች። በሕይወቷ ሰው ሁሉ ሳያንኳኳ የወሰደው ጋን፣ ሞተች ሲባል ደወል ሆነ። ያኔ እሷም አለቀሰች ይባላል።

ሸንጎው ፊት አስቀመጧት። አያ አንዳርጌ፣ "ቦታው የተሰጠሽ ልትለምኝበት ነው፤ ለምን ትሠሪያለሽ?" አሉ።

"እየለመንኩ ነው ጌታዬ። ገዢ እለምናለሁ።"

"ለማኝ እጁን ይዘረጋል!"

"እዘረጋለሁ።"

ሸንጎው ብዙ መከረ። ከዚያም ፈረደ፤ ማንጠግቦሽ እጇን እስከዘረጋች ድረስ ቦታው የእሷ ነው፣ ያጠፈች ቀን ትነቀላለች።

ከዚያ ወዲያ እጇን ዘረጋች። እጇ ላይ ድስት ነበረ። "ስለ ማርያም፣ አንኳኩት!" ትላለች። አላፊው ያንኳኳል፣ ድስቱ ይጮኻል፣ ያንኳኳም ሳይገዛ አይሄድም።

ቀስ በቀስ ያን ሜዳ መንገድ ሌላውም ወደደው። አንዲት ነፍሰ ጡር "ዛሬስ ደረጃው ይቅርብኝ" ብላ ቅቤዋን ወይራው ሥር አወረደች። ዓይነ ስውሩ ገመድ ሻጭ በበትሩ ዳበስ ዳበስ አድርጎ "እዚህስ እንቅፋት የለም" አለና ተቀመጠ። አህዮችም ወደዱት፤ አህያ ሸንጎ አትፈራም። ጨው መጣ፣ በርበሬ መጣ። ቦታው የልመና ነውና ሁሉም ሕጉን አክብሮ እጁን ዘረጋ። አናት ላይ ነፋስና አያ አንዳርጌ ቀሩ።

ታዲያ አያ አንዳርጌ ልጃቸውን ሊድሩ ሆነ። ለጠላው ጋን ያስፈልጋል። "እኔ ሹም ነኝ፤ ከለማኝ አልገዛም" አሉ። ስለዚህ የማንጠግቦሽ ጋን በሰው ጀርባ ደረጃውን ወጣ፣ እላይ በደንቡ ተገዛ፣ ተመልሶ ወደ ታች ወደ ሠርግ ቤቱ ሲወርድ የአባቶች ድንጋይ ላይ ቋ! አለ። ሌላ ወጣ። ሌላ ወረደ። ቋ! ብቅሉ ደረሰ፣ ጌሾው ደረሰ፣ መጥመቂያ የለም።

በመጨረሻ አያ አንዳርጌ ራሳቸው በሜዳው መንገድ መጡ። ማንጠግቦሽ አንድ እጇን ጋኑ ላይ አድርጋ ሌላውን ዘረጋችላቸው።

"ያንኳኩት" አለች።

ዙሪያውን አዩ። አንኳኩ። ጋኑ ጮኸ።

"የማን ሥራ ነው?" አሉ፣ ልማድ ሆኖባቸው።

"የእኔ" አለች።

ገበያው ሁሉ ሰማ። ጋኑም ተንከባሎ ሠርግ ቤት ገባ፤ እሷም ከኋላው ገባች፣ ከባለሙያዎቹ ጋር ተቀመጠች።

ከሠርጉ በኋላ ሸንጎው ወርዶ ወይራው ሥር ተሰየመ። አያ አንዳርጌ "እኔ ድሮም ያሰብኩት ይህንኑ ነበር" አሉ። እኔ አምናቸዋለሁ። ሹም ያላሰበው ነገር የት ይገኛል።

የገበያችን ስም እስከ ዛሬ ልመና ነው። የሚለምን ግን አታገኙበትም። ማክሰኞ ስትመጡ ሻጩ ሁሉ ዕቃውን በእጁ ዘርግቶ "አንኳኩት!" ይላችኋል፣ ቅቤ ሻጯም ጭምር። ደግሞም በአገራችን መንገድ የጠረገ፣ ደጃፍ የሠራ ሰው ጋን ሳይንከባለልበት አያስመርቅም። ጋኑ ከተሰበረ ሥራው አላለቀም።

ዓምና የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ የሚታይበት አዲስ ቢሮ ተሠራልን። ያማረ ቢሮ ነው፤ በሩ እንደ አባቶቻችን ገበያ ከደረጃ በላይ ነው። እኛ ሽማግሌዎች እንድንመርቅ ተጠራን። ጋን ይዘን ሄድን። ከበሩ ላይ ለቀቅነው። ቋ! ኃላፊው "በዕቅድ ተይዟል" አለን። ጥሩ ልጅ ነው፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

እኛም እስኪያልቅ ድረስ በየማክሰኞው ጋን ይዘን እንሄዳለን። ይኸው ዓመት ሆነን። ሸክላ ሠሪዎቻችን ተመስገን ነው፣ ሥራ አልፈቱም።